ገደቡን ያፈረሰው ረዳት

«ገደብ» ማለት ቅጣት መቅረት ሳይሆን፣ ከተወሰነ በኋላ አፈጻጸሙ የታገደ ቅጣት ማለት ነው። ልዩነቱ በጠበቃና በዳኛ ዘንድ ግልጽ ቢሆንም፣ ከችሎት በር ውጭ ግን ገደብ ያገኘ ሁሉ «ነጻ ወጣ» ይባላል። በቅርቡ ደሴ ላይ የቆምኩለት ወጣት መከራም የተጀመረው ከዚሁ አባባል ነው።

ልጁ የጭነት መኪና ረዳት ሳለ ካናቢስ ሲያዘዋውር ተይዞ ጥፋተኛ ተባለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 እንዲህ ያለውን ድርጊት ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እሥራትና እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል፤ ከ5 ዓመት በላይ ጽኑ እሥራት የተፈረደበት ሰው ደግሞ የገደብ ተጠቃሚ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ በዕፅ ጉዳይ የገደብ በር እጅግ ጠባብ ነው። ለእርሱ የተከፈተለት የቀደመ ጥፋት ስላልነበረበትና ድርጊቱን ስላመነ፣ በማቅለያ ቅጣቱ ወደ 4 ዓመት ወርዶ ነበር። በአንቀጽ 192 መሠረትም አፈጻጸሙ ለ3 ዓመት ታገደ፤ በየወሩ እየቀረበ እንዲያመለክትና ከአደንዛዥ ዕፅ እንዲርቅ ግዴታ ተጣለበት።

በዚያው ሳምንት ሰፈሩ ተሰብስቦ በግ ታረደ፣ ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ፤ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ተባለ። ስለ ወርኃዊው ግዴታ ግን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን ውሳኔውን አንብቤ ከማስረዳት ይልቅ ቅጂውን ሰጥቼው ነበር፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ብዙም ሳይቆይ በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የቀን ሥራ ያዘ። ጭነት እያወረደ የሚኖር ሰው ደሴ ወጥቶ ሲመለስ የቀን ደመወዙን ያጣል፣ ትራንስፖርትም ይከፍላል፤ አንድ ወር ቀረ፣ ከዚያም ተከታታይ 5 ወር ቀረ። ዐቃቤ ሕግ ገደቡ ተነሥቶ 4 ዓመቱ እንዲፈጸምበት ሲያመለክት ሁለት ምክንያት አቀረበ፦ አንዱ ይህ መቅረቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጫት ቤት መታየቱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከሁሉ አስቸገረኝ። ጫት በሕጋችን የተከለከለ ዕፅ አይደለም፤ በወሎም በርጫ ላይ መቀመጥ የዕለት ኑሮ ነው። ይሁንና «አደንዛዥ ዕፅ» የሚለውን ቃል ተከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ጎረቤቱም በየራሱ ልክ ይሰፋዋል። ሕጉን የማያውቅ ሰው እንዲጠብቀው የሚጣል ግዴታ የተከለከለውን ነገር በስሙ መጥራት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለ መቅረቱ የተከራከርኩት በሕጉ ልዩነት ላይ ተመሥርቼ ነው። በገደብ ዘመን አስቦ አዲስ ወንጀል የፈጸመ ሰው ገደቡ ይሰረዝበታል፣ የቀደመው ቅጣት ከአዲሱ ጋር ይፈጸምበታል፤ የጠባይ ግዴታ ያጓደለ ሰው ግን አስቀድሞ በፍርድ ቤት ሊስጠነቀቅ ይገባል፣ ገደቡም የሚነሣበት ማስጠንቀቂያውን ንቆ ሲቀጥል ነው። ልጁ አንድም ጊዜ አልተስጠነቀቀም። ዐቃቤ ሕጉ በበኩሉ፣ ዕፅ ያዘዋወረ ሰው ተመልሶ ከጭነት መኪኖችና ከቀድሞ ባልንጀሮቹ መካከል መግባቱ ሊያሳስብ እንደሚገባ ተናገረ፤ ለዚህ በቂ መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም።

ዳኛው «ግዴታህን ታውቀው ነበር?» ብለው ሲጠይቁት «ነጻ ተብያለሁ ብዬ ነው፣ ክቡር ዳኛ» አለ። ችሎቱ ገደቡን ሳያነሣ አስጠነቀቀው፤ የሚያመለክትበትን ቦታ ወደ ኮምቦልቻ አዛወረለት፣ ጫት ቤት እንዳይቀመጥ ግን በግልጽ ጻፈበት። በዚህ ጊዜ ትእዛዙን ቃል በቃል አነበብኩለት፣ አስደገምኩትም።

ከግቢው ስንወጣ እናቱ እጄን ይዘው «የኔ ጌታ፣ አሁንስ ነጻ ወጣ?» አሉኝ። ገና 1 ዓመት ከ7 ወር እንደሚቀረው ነገርኳቸው። ዝም ብለው በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆዩና «እንግዲያ በጉን እስከዚያ እናቆየዋለን» አሉ።