ጉድፍ የፈጀው ሕዝብ

ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ ምክንያቱን የማላውቀው ድብርት ተጭኖኝ ዋለ። እንዲህ ያለ ቀን ሲገጥመኝ የማደርገውን የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፤ አዲስ መጽሐፍ ለመጀመር አቅም ስለማይኖረኝ፣ ቀድሞ ያነበብሁትን አንሥቼ ከመሐል እገልጣለሁ። የዛሬው የአሜሪካዊው ደራሲ የሬይ ብራድበሪ «የማርስ ዜና መዋዕል» ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1950 የታተመው ይህ የታሪኮች ስብስብ አንባቢዎቹን ሲከፋፍል ኖሯል። አንድ መሐንዲስ ወዳጄ ከግማሹ ሳያደርስ ነው የመለሰልኝ፤ ሰው ያለ መሣሪያ የሚተነፍስባት ማርስ የለችም ባይ ነው። እርግጥ ማሪነር 4 የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1965 በማርስ አጠገብ ስታልፍ ያነሣቻቸው ፎቶግራፎች ቦይም ከተማም የሌለባት፣ ገጿ የተቦረቦረ ምድረ በዳ አሳይተዋል። ነገር ግን ደራሲው ራሱ መጽሐፉን ከሳይንስ ልብወለድ ይልቅ ከተረትና ከአፈ ታሪክ ጎራ ይመድበው ስለ ነበር፣ ይህ ክስ ብዙም የሚነካው አይመስለኝም። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የአርጀንቲናዊው ደራሲ የቦርኼስ ስሜት ነው፤ ለስፓኝኛው ትርጉም በጻፈው መቅድም፣ ይህ የኢሊኖይ ሰው ምን ቢያደርግ ነው የሌላ ዓለም ወረራ ታሪክ በፍርሃትና በብቸኝነት የሚሞላኝ ሲል ይጠይቃል።

የእኔ ፍርሃት የሚመነጨው ከአንድ ስፍራ ነው። ከምድር የተላከው አራተኛው የጉዞ ቡድን ማርስ ሲደርስ፣ ከተሞቹን ቃኝቶ የተመለሰው ሰው የአገሩ ሕዝብ ከጥቂቶች በቀር ማለቁን ይናገራል፤ የፈጀውም ቀደም ብለው የመጡት መንገደኞች ይዘውት የገቡት ጉድፍ የተባለው የልጆች በሽታ ነው። ስፔንደር የተባለው የቡድኑ አባል፣ እነዚያን የመሰሉ ከተሞች የሠራ ሕዝብ በልጆች በሽታ መጥፋቱን መቀበል አቅቶት በገዛ ጓደኞቹ ላይ መሣሪያ ያነሣል። ገሚሱ አንባቢ እንደ ጀግና፣ ገሚሱ እንደ ነፍሰ ገዳይ ያየዋል፤ ብራድበሪ ደግሞ ከመጽሐፉ ሁሉ የተሻለውን ንግግር በአፉ ካኖረለት በኋላ በቡድኑ አዛዥ ጥይት ያስገድለዋል።

እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ ማርስን ትቼ ምጽዋ እገባለሁ። የኢጣሊያ ጦር በ1880 ዓ.ም. ገደማ በዚያ ወደብ ካስገባቸው ከብቶች ጋር የመጣው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ አብዛኛውን የአገሩን ከብት ጨርሶ፣ በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ ሲሳነው፣ አያቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት ረኀብ ተከተለ። በሽታው ሆን ተብሎ አልተላከም፤ ብራድበሪም ጉድፉን ያመጡትን ሰዎች ክፉዎች አላደረጋቸውም። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ የሚከሰስ ሰው የለም።

ብዙ አንባቢ የሚወድደው የመጨረሻውን ታሪክ ነው። ከኑክሌር ጦርነት ያመለጠ አባት፣ ማርሳውያንን አሳያችኋለሁ ብሎ ቃል የገባላቸውን ልጆቹን ወደ ቦዩ ውኃ እንዲመለከቱ ያደርጋቸዋል፤ በውኃው ውስጥ የሚታዩት ራሳቸው ናቸው። ውብ ነው ይባላል፤ ውብም ነው። ነገር ግን ማርሳውያን ለሚለው ስም ሲሉ ልጆቹ ምንም አልከፈሉም፤ የከፈሉት በጉድፍ ያለቁት ናቸው፣ እነርሱንም የጠየቀ የለም። ይህን እያልሁ አባትየውን ልፈርድበት ስዘጋጅ ደግሞ፣ የምድርን ካርታ ከቀሩት ወረቀቶቹ ጋር በእሳት ሲያቃጥል አየዋለሁና እጄ ይዝላል። አገሩ የነደደችበት ሰው፣ ባለቤቱ የሞተበትን ስም ቢያነሣ ሌባ ይባላል? ወይስ ወራሽ?

መሐንዲሱ ወዳጄ ይህን ቢያነብ፣ በሌለ አየር ይተነፍስ ለነበረ ሕዝብ ጠበቃ ሆነህ የርስት ክርክር ከፈትህ ብሎ እንደሚስቅብኝ አላጣሁትም።