ከ206ቱ አጥንቶች በኋላ፦ ፊዚዮሎጂን እንዴት እያጠናሁ ነው
አናቶሚውን (የአካልን አወቃቀር) አገባድጄ ፊዚዮሎጂ (የአካልን አሠራር) ውስጥ ገብቻለሁ። አብረን የጀመርን ልጆች «የት ደረስሽ?» ስላላችሁኝ ያለሁበትን ልንገራችሁ።

አናቶሚ ብዙ ጣጣ የለውም። አጥንቱ 206 ነው፤ በካርድ፣ በሥዕል፣ የራስን ገላ እየዳሰሱ ይያዛል። (የእጅ አንጓ ስምንቱ ጥቃቅን አጥንቶች ግን አሁንም እንዳንገሸገሹኝ ናቸው።) እዚያ ሽምደዳ ያዋጣል። ፊዚዮሎጂ ላይ ግን አያራምድም። ፈተናው «ይሄ ምንድነው?» ማለቱን ትቶ «ይሄ ቢጎድል ምን ይሆናል?» ይላል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ርዕስ በሦስት ጥያቄ እይዘዋለሁ። ለውጡን ማን አወቀ? ማን አዘዘ? ማን ፈጸመ? የደም ስኳርን ውሰዱ። ከምግብ በኋላ ስኳሩ ሲጨምር ቆሽት ያውቃል፣ ኢንሱሊን ይለቃል። ጡንቻ፣ ጉበትና ስብ ስኳሩን ይሰበስባሉ። ስኳሩ ሲወርድ ኢንሱሊኑም ይቀንሳል። ኔጋቲቭ ፊድባክ የሚሉት ይኸው ነው። እኔ መጽሐፉን ዘግቼ ዑደቱን ባዶ ወረቀት ላይ እስለዋለሁ። ቀስቱ የቆመበት ቦታ ያልገባኝ ቦታ ነው።

ከዚህ መስመር የሚወጣም አለ። ምጥ ላይ ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ማህፀንን ያኮማትራል፤ መኮማተሩ ደግሞ ተጨማሪ ኦክሲቶሲን ያስለቅቃል። ልጁ እስኪወለድ እየበረታ ነው የሚሄደው።

ሰሞኑን ኩላሊት ላይ ነኝ፤ እንደሱ የወደድኩት ምዕራፍ የለም። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሊትር እንኳ አይሞላም። ሌላው ተመልሶ ደም ውስጥ ይገባል። ያለን ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ሦስት ሊትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ያው ፈሳሽ በቀን 60 ጊዜ ያህል ይጣራል ማለት ነው። ጉድ እኮ ነው!

ደግሞ ሥራው ማጣራት ብቻ አይደለም። ኦክስጅን ሲያንሰው ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ትእዛዙ የአጥንት መቅኒ ይደርሳል፤ መቅኒው ቀይ የደም ሕዋስ ያመርታል። ሦስቱ ጥያቄዎቼ እዚህ ልክክ አሉ። ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ለምን ደም ማነስ እንደሚያስቸግራቸው፣ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ ካሉት ብዙዎቹ ለምን ይህንኑ ሆርሞን በመርፌ እንደሚወስዱ የገባኝ ያኔ ነው።

ይሄ ከሆነ አየሩ በሳሳበት ደጋ የሚኖር ሰው ሂሞግሎቢኑ (በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ተሸካሚ) መብዛት አለበት፣ አይደል? ደቡብ አሜሪካ፣ አንዲስ ተራሮች ላይ የሚኖሩት ሰዎች ሂሞግሎቢን እውነትም ከፍ ያለ ነው። የእኛዎቹ ግን ይለያሉ። አንትሮፖሎጂስቷ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን አጥንተው ውጤቱን በፈረንጆች 2002 አሳትመዋል። አማካይ ሂሞግሎቢን በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር ነበር። የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት ደግሞ 95.3 በመቶ። ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም አይርቅም። እንደኔ አረዳድ ደማቸው ይህን ያህል ኦክስጅን ከያዘ ኩላሊቱ «አነሰኝ» ብሎ መቅኒውን የሚያስቸኩልበት ምክንያት የለውም።

ቀጣዩ የደም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ነው፤ ከ7.35 እስከ 7.45 ባለች ጠባብ ክልል እንዴት እንደሚቆይ። ሳንባ በደቂቃዎች፣ ኩላሊት በቀናት ነው የሚያስተካክሉት። ዑደቱን የሣላችሁ ካላችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ የእኔ ቀስቶች ገና ባይካርቦኔት (ደም ውስጥ አሲድን የሚያረግበው) ላይ ቆመዋል።