እንትን

የኮድ ሥራው ኢንተርቪው እንዴት ሆነ እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ እዚሁ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ሦስት ቀን ሆነው፣ መልስ የለም። ግን አሁን የተቀመጥኩት ለሱ ብዬ አይደለም፣ እንጃ ብቻ፣ ሙቀቱ ነው መሰለኝ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ መብራት ሄዷል፣ ቬንትሌተሩ ቀጥ ብሏል፣ ሰፈሩ በሙሉ በርጫ ላይ ነው፣ ባጃጅ እንኳን አያልፍም። እንዲህ ፀጥ ሲል ምን እንደምሆን ታውቃላችሁ።

ጥያቄው ቀላል ነበር፣ ቀላል መሆኑ ነው የሚያናድደው። አንድ ቃል ይሰጣችኋል፣ አንድ ፓተርን ይሰጣችኋል፣ ይገጥማሉ ወይስ አይገጥሙም? ፓተርኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ካለ እዛ ቦታ የፈለገው አንድ ፊደል ይገባል፣ ኮከብ ካለ ደግሞ የፈለገው ያህል ፊደል። «ደ?ቱ» ብትሉ ደቻቱን፣ የኛን የድሬዳዋን ወንዝ፣ ያገኛል። «ድሬ*» ብትሉ ድሬዳዋንም ያገኛል፣ ድሬ ብቻውንም ያገኛል። «?ረር» ብትሉማ በሃሌታው ሀ ጻፉት በሐመሩ ሐ ሁለቱንም ይቀበላል፣ ያ ሁሉ የፌስቡክ ጭቅጭቅ በአንድ ምልክት አለቀ ማለት ነው።

እኔ መጀመሪያ ኮከቡን አምታታሁት። ሬጀክስ (ሌላው የፓተርን መጻፊያ) ላይ ያለው ኮከብ ሌላ ነው፣ ከሱ በፊት ያለውን ፊደል ነው የሚደጋግመው፣ ስሙም የሚጠራው በክሌይኒ ነው፣ በሂሳብ ሰውየው፣ ይሄን ሁሉ አውቃለሁ፣ ስለማውቅም አሥር ደቂቃ ሙሉ ያልተጠየቅኩትን ስጽፍ ቆየሁ። ጠያቂው ልጅ ካሜራው ላይ ዝም ብሎ ያየኛል፣ ጨዋ ነው። ከዛ «ኮከቡ የትኛው ኮከብ ነው?» አለኝ። አቦ፣ መሬት ብትውጠኝ።

እንደገና ጀመርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ኮከብ ላይ ስትደርሱ ሁለት ምርጫ አለ፣ ወይ ኮከቡ ምንም አልበላም ብላችሁ ታልፉታላችሁ፣ ወይ አንድ ፊደል ታበሉትና እሱ እዛው ቆሞ ይጠብቃል። ካልሆነ ተመልሳችሁ ሌላውን መሞከር ነው። ስምንት መስመር ናት፣ ሠራች። «ኮከቡ ብዙ ቢሆንስ?» አለኝ። ብዙ ከሆነማ አለቀልኝ፣ እያንዳንዱ ኮከብ ምርጫውን በሌላው ምርጫ እያባዛ ይሄዳል፣ ላፕቶፑ እስኪግል መመላለስ ነው። መላው የመጨረሻውን ኮከብ ቦታ ብቻ ይዞ መሄድ ነው፣ ሲያቅታችሁ እዛ ተመልሳችሁ አንድ ፊደል ትጨምሩለታላችሁ፣ የቀደሙትን መንካት አያስፈልግም፣ ምክንያቱም የኋለኛው ራሱ ያገኘውን ሁሉ መዋጥ ይችላላ። እሱንም ሁለት ደቂቃ ሲቀረኝ ጻፍኩት። «እሺ፣ ባዶ ቃል ብትሰጪውና ፓተርኑ አንድ ኮከብ ብቻ ቢሆንስ?» አለኝ። ሞከርኩት፣ ፎልስ፣ አይገጥምም አለ። ኮከብ ባዶንም እንደሚገጥም እኔው ራሴ ነበርኩ ሲጀመር የነገርኩት፣ ቃሉ ሲያልቅ የተረፈውን ኮከብ መዝለሉን ግን ረሳሁት። ሰዓቱ አለቀ። «ናይስ ቱ ሚት ዩ» ተባባልን።

ላፕቶፑን ገና ከመክደኔ እምዬ፣ አያቴ፣ ከጓዳ ተጣራች። «አንቺ፣ እስቲ ያንን እንትን አምጪልኝ!»

ባዶ ኮከብ። ከፊቱም ከኋላውም ምንም የለ።

ውሃ ወሰድኩላት፣ አይደለም። ማራገቢያውን ወሰድኩላት፣ «ኤዲያ!» አለችኝ። ሦስተኛው ላይ መቁጠሪያዋ ሆነ፣ ትራሷ ሥር ነበር። በማግስቱ ትንሽ ነቃሁና ሦስቱንም በትሪ ደርድሬ ገባሁ። ለካ ይሄም የቆየ ዘዴ ነው፣ ማታ ሳነብ ኬን ቶምሰን የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 1968 የጻፈው አለ፣ እየሞከሩ ከመመለስ ሁሉንም መንገድ ጎን ለጎን ይዞ መሄድ ይላል፣ ያልሆነው እየወደቀ የሆነው ይቀራል። ትሪ ነው በአጭሩ። እምዬ ትሪውን አየችና «ይሄ ሁሉ ምንድነው፣ እንትኑን ነው እኮ ያልኩሽ» አለችኝ። ያን ቀን ሽቲዋን፣ ስስ ቀሚሷን፣ ነበር የፈለገችው።

ድሮም እንትን ትላለች፣ ማን አይልም። እኛ ቤት «እንትኑን እንትኑ ላይ እንትን አድርጊው» ማለት ድስቱን ክደኚው ማለት ነው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ሦስት ኮከብ፣ ማንም ተሳስቶ አያውቅም። አባባ ምድር ባቡር በነበረ ጊዜ «እንትኑ ሲጮህ ቀስቅሽኝ» ሲላት ምን እንደሚጮህ አልተጠየቀም፣ ከተማው በሙሉ በሱ ነበር የሚነሳው። አሁን እሱም የለ፣ አዲሱም ባቡር ጣቢያው ከከተማ ውጪ ነው፣ ቢጮህም እኛ ጋ አይሰማ።

አንድ እንትን ግን አለ ሌላ ዓይነት። «እንትን የሆነ ጊዜ» ትላለች፣ «እንትን ሳይሆን በፊት እዚህ ጋ ሱቅ ነበር»። ደቻቱ ማለቷ ነው፣ የ1998ቱን ክረምት። ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ የማስታውሰው ጠዋት ላይ የሰው ዝምታና ጫማ ላይ የሚጣበቀውን ጭቃ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የሆነ ወንዝ፣ ሰው እየተሻገረበት ገበያ የሚወጣበት፣ ዝናቡ የወረደው ላይ ደጋው ላይ፣ ጎርፉ የመጣው እኛ በተኛንበት ሌሊት። እዚያ እንትን ላይ ቃሉ ጠፍቷት አይደለም። አንዴ «ጎርፉን ነው?» ብያት ፊቷን አዙራ ዝም አለችኝ፣ ከዛ በኋላ እኔም እንትን ነው የምለው።

አሁን ያሉት እንትኖች ግን የጠፉ ናቸው፣ ልዩነቱን እሰማዋለሁ። በፊት ከቡና ጋር አንድ ሁለቴ ነበር፣ አሁን ቆጠርኩ (አዎ ቆጠርኩ፣ ሥራ ፈት ነኝ አላልኳችሁም?)፣ ትናንት ከቁርስ እስከ ምሳ አሥራ ዘጠኝ። የጎረቤቷን ስም እንትና፣ ቲማቲሙን እንትን፣ ቀፊራ ገበያን «እዛ እንትን ጋ»። እናቴ «እርጅና ነው፣ አታካብጂ» ትላለች። አላካበድኩም፣ ቆጠርኩ ነው ያልኩት።

የሠራሁት ኮድ ደግሞ አንድ ነገሩ ገርሞኛል፣ ልጁም አልጠየቀኝ እኔም አላሰብኩት፣ ትሩ ይላል እንጂ ኮከቡ ምን እንደበላ አይናገርም። ገጠመ፣ በቃ። ውስጡ ምን እንደገባ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሌላ ኮድ ነው።

ይሄን የማወራው በማለዳው ነገር ነው። ቡና እያፈላሁ ነው፣ እምዬ በሯ ላይ ተቀምጣለች፣ ድንገት ደስ ብሏት ዞር አለችና «እንትና ደወለች?» አለችኝ። ጅቡቲ ያለችዋ አክስቴ ትሆን? የሞተችው እህቷ ትሆን? ፊቷ ላይ ያለው ደስታ ጎረቤት የደወለች ደስታ አይደለም። ጀበናው ሊገነፍል ነው፣ እኔ ደግሞ ሦስቴ ገምቼ ሦስቴ ኤዲያ መባል ደከመኝ።

«አዎ፣ ደወለች» አልኳት።

«ምን አለች?»

«ደህና ነኝ፣ ሰሞኑን እመጣለሁ አለች።»

ይኸው ከጠዋት ጀምሮ አዲሱን ሽቲዋን ለብሳ በሩን እያየች ነው። ማንን ነው ጋብዤ የማመጣላት አሁን?