ጨዉን በቤንዚን አታጥቡት

ዛሬ ደሴ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ሳይገለጥ ነው የዋለው፤ እኛም የአደን ጠመንጃ ስንወለውል ዋልን። በዚህ እርጥበት አፈሙዝ ውስጥ የቀረ ቆሻሻ ብረቱን ቶሎ ያዝጋል።

ካዝናውን አውጡ፣ የጥይቱን መቀመጫ በዓይንም በጣትም ፈትሹ፣ መዝጊያውን ንቀሉ። የመወልወያው ዘንግ ሁልጊዜ ከኋላ ወደ ፊት ይግባ። ከፊት ከገባ የአፈሙዙን ጠርዝ ይፍቃል፤ ጠርዙ ከተጎዳ ጋዙ ጥይቱን እኩል ስለማይለቀው ኢላማ ይስታል። ማጽጃ የነካ ጨርቅ አሳልፉ፣ በነሐስ ብሩሽ 10 ጊዜ ያህል ፈትጉ፣ 10 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ ጨርቅ ስታሳልፉ ጥቁር ከወጣ የባሩድ ጥላሸት ነው። ማጽጃው አሞኒያ ካለበትና ሰማያዊ ከወጣ ግን የጥይቱ ልባስ መዳብ ነው። (ብሩሹም ራሱ ቀለሙን ስለሚሰጥ በጨርቅ ብቻ አረጋግጡ።)

ትልቁ ጉዳይ የድሮ የምሥራቅ አውሮፓ ጥይት ነው። የብዙዎቹ መለኮሻ (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ክፍል) ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ይተዋል፤ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። ቤንዚንም ናፍጣም ጨው አያሟሙም! ዘይት ከላይ ቢቀባ ብረቱ ከሥር መበላቱን ይቀጥላል። ጨውን የሚያጥበው ውሃ ነው። በተተኮሰበት ዕለት የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ከኋላ አፍስሱ፤ እንጨቱን ግን አታርጥቡ። የጋለው ብረት ራሱ ቶሎ ይደርቃል፤ የቀረውን በጨርቅ አድርቁና ስስ ዘይት ቀቡ።

ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ስትወርዱ ብረቱ ያልበዋል። እስኪሞቅ ከማኅደሩ አታውጡት፤ ከዚያ ጥረጉት። ከመተኮስ በፊት ደግሞ ዘይቱን በደረቅ ጨርቅ አውጡ፤ አፈሙዝ ውስጥ የቀረ ብዙ ዘይት ግፊቱን ይጨምራል።