ዚንክ ሲቀጠቀጥ

በኮምቦልቻ አካባቢ ማረሻ የሚቀጠቅጥ ባለሙያ ወናፉን እያስነፋ ብረቱ እስኪቀላ ይጠብቃል፤ ዚንክ ግን በ419.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ በዚያ ፍም ውስጥ ቢገባ ሳይቀላ ፈስሶ ያልቃል። ስለዚህ ቅጥቀጣው እጅግ በለዘበ ሙቀት መከናወን አለበት።

እዚህ የማነሣው ቆርቆሮ የሚለበስበትን ዚንክ ሳይሆን፣ የተሰበረ አጥንት የሚያያዝበት ብሎን ሆኖ ሥራውን ሲጨርስ በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተበላ እንዲጠፋ የሚታሰበውን የዚንክ ቅይጥ ነው። ማግኒዥየም ለዚህ ሥራ ይቸኩላል፣ ሲበላም የሃይድሮጅን ጋዝ ይለቃል፤ ብረት ደግሞ ከልክ በላይ ይዘገያል።

ቀልጦ በቅርጽ የተቀዳ ዚንክ ደካማ ነው። ጥቂት ማግኒዥየም ሲጨመርበት ይጠነክራል፤ ሆኖም ቅይጡ ሲቀዘቅዝ ከ2 የማግኒዥየምና ከ11 የዚንክ አቶሞች የተሠራ ተሰባሪ ውህድ በትላልቆቹ የዚንክ ክሪስታሎች (አቶሞቹ በሥርዓት የተደረደሩባቸው የብረቱ ቅንጣቶች) ዙሪያ እንደ መረብ ይዘረጋል። ጨው ባለበት የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ በመረቡና በአጠገቡ ባለው ዚንክ መካከል የኤሌክትሪክ አቅም ልዩነት ስለሚፈጠር፣ ዝገቱ ወጥ ከመሆን ይልቅ እዚህም እዚያም እየቦረቦረ ይሄዳል።

ቅጥቀጣ መረቡን ሰባብሮ ይበትነዋል፤ ትላልቆቹ ክሪስታሎችም በአዳዲስ ደቃቅ ክሪስታሎች ይተካሉ። ጥንካሬው ይጨምራል፤ ዝገቱም ወደ ወጥነት ያዘነብላል። ደቃቅ ክሪስታል ሁልጊዜ ዝገትን ያዘገያል የሚለውን ግን አልቀበልም፤ የክሪስታል ድንበር ሲበዛ ፍጥነቱ ሊጨምርም ይችላል። በእኔ ግምት ከፍጥነቱ ይልቅ ወጥነቱ ይበልጣል፤ አንድ ጥልቅ ቡርቡር ብሎኑን አጥንቱ ሳይገጥም ሊሰብረው ይችላልና።

የሰውነት ሙቀት፣ 37 ዲግሪ፣ ከፍጹም ዜሮ በሚቆጥረው የሙቀት መለኪያ፣ በኬልቪን፣ ሲሰላ የዚንክ መቅለጫ 45 በመቶ ገደማ ነው፤ በዚህ ሙቀት አቶሞቹ ቀስ በቀስ ቦታ ሊቀይሩ ስለሚችሉ፣ በቅጥቀጣ የተገኘው አወቃቀር ብሎኑ ከተተከለ በኋላም ሊለወጥ ይችላል።