አውድማው የነበረበት ሰፈር

ዛሬ ደብረ ብርሃን አጎቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ገብስና ባቄላ እናርምበት የነበረው ማሳ ሰፈር ሆኗል። መንገዱ በገመድ የተለካ ይመስላል። የማኅበር ቤቶች በረድፍ ቆመዋል፣ ኮብልስቶኑም እየተነጠፈ ነው። ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው! ስንት ዓመት በኪራይ ሲንገላታ የኖረ ሰው የራሱን በር ሲከፍት ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር የምትርቅ ከተማ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተተክሎባት፣ መስፋቷ አይቀርም ነበር።

ግን አጎቴ አንድ ጥግ ላይ ቆመው "አውድማው እኮ እዚህ ጋ ነበር ልጄ" ሲሉኝ ሆዴ ባባ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ መሬቱን ለቆ በቋሚነት ለሚነሳና ምትክ መሬት ላላገኘ ገበሬ የዓመት ገቢውን 15 እጥፍ ካሳ ይላል። እሺ፣ ብሩ ተከፈላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያርሱ ለኖሩ ሰው ግን በብር እንዴት እንደሚኖር ማን አሳያቸው? ልጆቻቸው አሁን እዚያው ማሳ ላይ ለሰው ቤት ድንጋይ ይሸከማሉ። ፕላን የምታወጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ለመናፈሻ ቦታ እንደምትተዉ ለገበሬው ልጅም የሱቅ ቦታ ተዉለት። እባካችሁ።

ስንመለስ አጎቴ አጥር ሥር ብቻዋን የበቀለች የገብስ እሸት ቀጠፉ። በመዳፋቸው አሽተው አቀመሱኝ።