ውሃ ያልነካው የውሃ አውሮፕላኔ

ሞዴል አውሮፕላን የሚሠራበትን በጣም ቀላል እንጨት፣ ባልሳን፣ ጅማ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። እዚህ እንጨት ከተባለ ዋንዛ ነው፣ ከባዱ፣ በርጩማ የሚሆነው። የኔ ባልሳ ከውጭ በመጣች የአክስቴ ልጅ ሻንጣ ውስጥ ነው የደረሰኝ። መጀመሪያ ስይዘው እንጨት መሆኑን እጄ አላመነም።

ሐሳቤ አዳራሽ ውስጥ በተጠመዘዘ ላስቲክ የሚበር፣ አንዴ ከለቀቁት ማንም የማይቆጣጠረው፣ በጎማ ፋንታ ሁለት ታንኳ እግር ያለው ትንሽ አውሮፕላን መሥራት ነበር። ለምን ታንኳ? ስለሚያምር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ እ.ኤ.አ. በ1871 ፓሪስ ላይ ትንሽ ሞዴል አውሮፕላን በላስቲክ 11 ሰከንድ አብርሯል። እሱን ካለፍኩ ይበቃኛል ብዬ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ በረራዬ 4 ሰከንድ ሆነች።

ጥፋቱ ታንኳዎቹ ናቸው። ከድፍን ባልሳ ነበር የጠረብኳቸው። ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዘንኩ፤ ሰውዬው አገላብጦ አየና «ወንድሜ፣ ይሄ ስንት ካራት ነው?» አለኝ። ጠቅላላው 17 ግራም፣ ከዚያ ውስጥ 6ቱ ታንኳ! ጅማ ደግሞ ከባህር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ክብደት እዚህ በአየር ላይ ለመቆየት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፣ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ፍጥነት ማለት ግድግዳ ማለት ነው።

እንደገና ጀመርኩ። 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ባልሳ በአዲስ ምላጭ ቆርጬ፣ አፍንጫው ጋ የሚታጠፈውን ሙቅ ውሃ ነክሬ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ሳጥን አድርጌ ገጣጠምኩት። ሙጫውን በስቴኪኒ ጫፍ ብቻ። ከቱቦው በቀጥታ ማፍሰስ ቀርቷል። ሁለቱም ታንኳ 2 ግራም ገቡ።

ቀለለ፣ ግን አሁን ጭራውን እያወዛወዘ በጎኑ ይወድቅ ጀመር። ሁለት ቀን ክንፉን ስነካካ ከርሜ ነው የገባኝ፦ ታንኳዎቹ ከፊት ስለሚረዝሙ አየሩ በጎን ሲገፋቸው አፍንጫውን ያዞሩታል። ትዊን ኦተር የተባለው እውነተኛ አውሮፕላንም ታንኳ ሲገጠምለት ጭራው ላይ ተጨማሪ ትናንሽ ቋሚ ክንፎች ይጨመሩለታል። እኔም ከጭራው ሥር የጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ለጠፍኩ። ቀጥ አለ።

ላስቲኩን ሲጠመዘዝ እንዲንሸራተት ብዬ ቫዝሊን መቀባቴን ባልናገር ይሻለኝ ነበር። አብጦ፣ ሲጠመዘዝ ጧ! አለና ጣቴን ገረፈኝ። ቫዝሊን ከነዳጅ ዘር ነው፣ የተፈጥሮ ላስቲክ ይበላል። ከፋርማሲ የገዛሁት ግሊሰሪን ከትንሽ ሳሙና ጋር ግን ሠራ።

ቅዳሜ በጠዋት፣ በርና መስኮት ዘግተን ለቀቅኩት። ወደ ግራ እየዞረ፣ ቀስ እያለ ወጣ። 26 ሰከንድ ቆጥሬ ነበር የጣሪያው ብረት ላይ ሲያርፍ። ዘበኛው ቀና ብለው አዩና «ልጄ፣ ይሄ የውሃ ነው አላልክም?» አሉኝ። የሸረሪት ድር መጥረጊያውን ሊያመጡልኝ ሄዱ።